የአባ ጭጋግ የታጠፈች ገጽ

ባለፈው ጥቅምት የጎረቤቴ ወንድም ሱሉልታ ዐርፎ፣ ለቅሶ ልደርስ ከቡራዩ በጠዋት ተነሣሁ። ዛሬ በጠዋት መነሣት በጠዋት መድረስ ማለት አይደለም። ታክሲያችን ዳገቱን ጨርሶ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ማዘቅዘቅ ሲጀምር፣ ሣር እላዩ ላይ የከመረ አይሱዙ ፊታችን ተገትሮ አላሳልፍ አለን። ሾፌሩ ጡሩምባ ይነፋል፣ ረዳቱ ይሳደባል፣ ከጎኔ የተቀመጠችው ወጣት ደግሞ ከስልኳ ቀና ብላ "ኧረ ያፍናል፣ መስኮቱን ዝጉልን" አለች። "ተዪው ልጄ፣ ክፍቱን ይሁን" አልኳት። ገላመጠችኝ። ልጅቷ ምን ታድርግ፤ ለእሷ ያ የሣር ሽታ ነው። ለእኔ ግን የአንድ ቤት ሽታ ነው፤ ወለሉ በሰም የተወለወለ፣ ምድጃው ጥቅምትና ኅዳር ሙሉ የሚነድ፣ በመስኮቱ አዲስ የታጨደ የሱሉልታ ሣር ሽታ የሚገባበት፣ እኔም የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ የጽሕፈት መኪና ፊት የተቀመጥኩበት ቤት። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ያን ቤት ላለማስታወስ ስንት ዓመት ታግያለሁ መሰላችሁ። አንድ መኪና ሣር አሸነፈኝ።

እኔ የሰበታ ልጅ ነኝ። አባቴ በወረዳው ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ በባዶ ሣጥን ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ ነበር። ከተፍኪም ከመናገሻም በእግሩ የመጣ ባለጉዳይ ፊቱ ቁጢጥ ብሎ በደሉን ያወርድለታል፤ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ። አባቴ ዝም ብሎ ሰምቶ ሲያበቃ ከተነገረው ሩቡን ይጽፍና የቀረውን ከራሱ ሞልቶ፣ በአክብሮት ጀምሮ በአክብሮት ጨርሶ ያስረክባል። "ያልኩህን ሁሉ ጻፍከው?" ሲሉት "ከዚያም አሳምሬ" ይላል። አንድ ቀን አንድ ባለጉዳይ ጠቡን የጀመረው እሱ ራሱ መሆኑን ሲናገር ሰምቼ፣ አባቴ ግን ያንን ሲዘለው አይቼ "እሱንስ ለምን ተውከው?" ብዬ ጠየቅኩት። "ስሚ ልጄ" አለኝ፣ "ሰው በራሱ ላይ የሚናገረውን የሚጽፍ ጸሐፊ ከሳሽ እንጂ ጸሐፊ አይባልም።" ምክሩን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝኩት። ሙያችን ይኸው ነበር፤ ሰው ያለውን ሳይሆን ሊል የሚገባውን መጻፍ።

አዲስ አበባ ስድስት ወር ታይፕ ተምሬ አንድ መሥሪያ ቤት ስገባ፣ ሰበታ ውስጥ ከእኔ በላይ ሰው ያለ አልመሰለኝም። ፖፕሊን ሸሚዝ ከፕሊሴ ጉርድ ጋር፣ ታኮ ጫማ፣ እንደ ዘመኑ ከፍ ተደርጎ የተበጠረ ጠጉር። እናቴ "ይሄ ጉርድ የቀረው ጨርቅ የት ሄደ?" እያለች ትነተርከኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት አውቶቡሱ ከሰበታ በስሙኒ መርካቶ ያደርሰኛል፤ ሾፌሩ የሬዲዮ ዘፈን ሲወድ እስከ ጥግ ይከፍተዋል፣ ዜና ሲመጣ ይዘጋዋል። አንድ ቀን የመሥሪያ ቤታችን አለቃ፣ የጡረታ ሻለቃ ናቸው፣ አስጠርተውኝ "ጽሕፈትሽ ንጹሕ ነው አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱሉልታ እየሄድሽ ለአንድ ትልቅ ሰው ትጽፊያለሽ" አሉኝ። "ለማን?" ብላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ለአባ ጭጋግ" አሉ።

አባ ጭጋግ የፈረስ ስማቸው ነው። ልጆቻቸው በሕይወት ስላሉ ዋናውን ስም አልጠራም፤ የኔ ዘመን ሰው ግን ሳልጠራውም ያውቃል። በአምስቱ የጠላት ዘመን ከጫንጮ ወዲያ፣ መንገዱ ቁልቁል በሚታጠፍበት፣ አንድ ሙሉ የጣልያን ካሚዮን ሰልፍ በጥቂት አርበኛ የደመሰሱ ናቸው። ሲወራ የኖረው እንዲህ ነው፦ ሌሊቱን ሲጸልዩ አድረው ጎሕ ሲቀድ እግዚአብሔር ጭጋግ ላከላቸው፤ ጭጋጉ ጠላትን ሲያሳውረው ለእሳቸው ግን ተገለጠ። አባቴ ይህን ሲተርክ እጁን እንደ ጭጋግ ጠረጴዛው ላይ እያንሳፈፈ ነበር። ከነጻነት በኋላ ማዕረግ በማዕረግ ላይ ተደረበላቸው፤ የጠረፍ ጦር መሩ፣ ባሕር ማዶ ተሻገሩ፣ ጄኔራል ሆኑ፣ በሰልፍ ቀን ደረታቸው ላይ ለአንድ ሜዳይ እንኳ ቦታ ጠፋ። ኋላ በታኅሣሡ ግርግር ከየትኛው ወገን እንደቆሙ በቅጡ ሳይታወቅ ቀረና በክብር ተሸኙ። በክብር መሸኘት ማለት ያኔ ሱሉልታ ላይ ተቀምጦ ሣር ማሳጨድ ማለት ነበር።

ሳገኛቸው ዐይናቸው በሞራ ተሸፍኖ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነበር። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ከቤት ውስጥ እንኳ ካፖርት የማያወልቁ። "ነይ ተቀመጪ። አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ። የራፖር ጸሐፊ ልጅ መሆኔን ስነግራቸው ሳቁ። "እንግዲያው ውሸት ታውቂበታለሽ" አሉ። ቀልድ መሰለኝና እኔም ሳቅኩ። አሠራራችን ቀላል ነበር፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ በእርሳስ እጽፋለሁ፣ ሳምንት መጥቼ በጽሕፈት መኪናው አትማለሁ፣ ያተምኩትን አነብላቸዋለሁ። ልጅነታቸውን፣ ከድቁና ሸሽተው ውትድርና መግባታቸውን፣ ዱር የወጡበትን ሌሊት፣ የጫንጮውን ውጊያና የጭጋጉን ተአምር፣ ሁሉንም በየተራ ወረድንበት። እኔም እንደ ሙያዬ አሳመርኩት። "ራበን" ያሉትን "የረኃብ ጽዋ ጠጣን" አደረግኩት። ሳነብላቸው "ይህን ያልኩት እኔ ነኝ?" ይሉና ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ።

ምድጃውን የሚያነደው፣ ግቢውን የሚጠብቀው፣ ሣሩንም የሚያሳጭደው ኦቦ ገመቹ የሚባል ሰው ነበር። ዕድሜው አርባ አልፏል። ዛሬ ቢሆን "አንቱ" እለው ነበር፤ ያኔ ግን እኔ ታኮ የተጫማሁ የመሥሪያ ቤት ሴት፣ እሱ የግቢ ሰው ነበረና "አንተ" አልኩት፣ እሱም "ወይዘሪት" አለኝ። ገበሬው በአጥሩ በኩል ሲያልፍ ለገመቹ ሰላምታ እንደማይሰጠው አስተውዬ አንዷን ወተት ሻጭ ጠየቅኳት። "አባቱ ባንዳ ነበር" አለችኝ፣ ምራቋን እንትፍ ብላ። "ለጣልያን በቅሎ ሣር የሚያቀርብ።" ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የሚያቀርብልኝን ሻይ ስቀበል እጁን ላለመንካት እጠነቀቅ ነበር።

መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ የኅዳር ቅዳሜ፣ ውጭው በጭጋግ ተጨፍኖ ጄኔራሉ እንደ ወትሮው አላስቀመጡኝም። በሩን እንድዘጋ አዘዙኝ። "የጫንጮውን ውጊያ እንደገና እንጽፈዋለን" አሉ።

"ተጽፎ አልቋል እኮ ጌታዬ። ቆንጆ ሆኗል።"

"ቆንጆ መሆኑ ነው የቸገረኝ። ጻፊ። ጭጋጉን እግዜር አልላከውም። ኅዳር ላይ ሱሉልታ መቼም ጭጋግ አያጣም፤ ለዚያ ጸሎት አያስፈልግም። እኔን የጠቀመኝ ቀኑን ማወቄ ነው። ቀኑን የነገረኝ ፈይሳ ነው።"

"የቱ ፈይሳ?"

"የዚህ የገመቹ አባት።"

እርሳሴ ቆመ። እሳቸው ቀጠሉ። ፈይሳን ወደ ጣልያን ምሽግ የላኩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። "ግባላቸው፣ ሣር አቅርብላቸው፣ ሰው ሲሰድብህ ቻለው፣ ነጻ ስንወጣ እኔ አለሁልህ" ብለው። ፈይሳ በየጠዋቱ ሣር በበቅሎ ጭኖ በኮረብታው ሥር ሲያልፍ የእሳቸው ሰው ከላይ ሆኖ ያያል። ጭነቱ በአንድ ጠፍር ከታሰረ ምንም የለም፤ በሁለት ጠፍር ተመሳቅሎ ከታሰረ ካሚዮኖቹ ነገ ይነሣሉ ማለት ነው። ያን ኅዳር በሁለት ታስሮ አለፈ። ሌላው ሁሉ፣ ጸሎቱም ተአምሩም፣ በኋላ የመጣ ወሬ ነው።

"ጠላት ሲወጣ ሰዉ ፈይሳን ባንዳ ብሎ ያዘው" አሉ። "'አዛዤን ጥሩልኝ፣ እሱ ይመስክር' አለ። ጠሩኝ። በዚያው ሳምንት ቤተ መንግሥት ቀርቤ ማዕረግ ልቀበል ነው። የጭጋጉን ተአምር እዚያ አውርቼዋለሁ፤ መኳንንቱ አጨብጭበውልኛል። አሁን ተነሥቼ 'ጭጋግ ሳይሆን ፈይሳ ነው' ብል ምን ሊሉኝ ነው? ነገ እሄዳለሁ አልኩ። ነገ ሌላ ነገ ወለደ። እስር ቤት በተስቦ ሞተ።" ካፖርታቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። "መሬቱን የባንዳ ነው ብለው ወረሱት። ቆይቶ ለውለታዬ ለእኔ ተሰጠ። አሁን የተቀመጥሽበት ነው።"

ያ ጫካ ያልበገረው ሰው አለቀሰ። ድምፅ የለውም፤ እንባው ብቻ በዚያ በማያይ ዐይን እየወረደ ካፖርቱ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። የት እንደምገባ ጠፋኝ። "ገመቹ ያውቃል ጌታዬ?" አልኩ፣ አንድ ነገር ለማለት ያህል።

"አባቱ የኔ ሰው እንደነበረ ያውቃል። ለምን እንዳልመጣሁ አያውቅም። መጽሐፉ ሲወጣ ስሙ ይጠራል፣ ጠብቅ ብዬዋለሁ። ለዚህ ነው አብሮኝ የተቀመጠው። በአፌ ልነግረው ስንት ቀን ተነሣሁ፤ አልሆነልኝም። አንቺ ጻፊልኝ።"

ጻፍኩት። በእርሳስ፣ አንድም ሳላስቀር። ሳምንቱን ሙሉ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ለአባቴ እንኳ አልነገርኩትም፤ ቢሰማ ምን እንደሚለኝ ቀድሜ አውቀዋለሁ። የትልቅ ሰው ገመና ይሸፈናል። ሰውዬው አርጅተዋል፣ ሆድ ብሷቸዋል፣ ነገ ልባቸው ሲመለስ "ያቺ ልጅ አዋረደችኝ" ይላሉ። አገር ሁሉ የሚያከብራቸውን ሰው በሁለት ገጽ ወረቀት ላፍርሳቸው? ማን ሆኜ? እንዲህ እንዲህ እያልኩ ለራሴ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ አሳምሬ። ስለ ገመቹ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም ብዬ ብምል ይሻለኝ ነበር፤ አስቤያለሁ፣ ነገር ግን ከአንድ ጄኔራል ስምና ከአንድ የግቢ ጠባቂ አባት ስም የቱ እንደሚበልጥ የሃያ ዓመቷ እኔ አልተጠራጠርኩም። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኔ ነው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ መኪናው ፊት ተቀምጬ የጫንጮውን ውጊያ እንደ ቀድሞው አተምኩት። ጸሎቱ፣ ጭጋጉ፣ ተአምሩ። የእርሳሱን ወረቀት ጨምድጄ ቅርጫቱ ውስጥ ጣልኩ። ገመቹ እንደ ልማዱ ጭራሮ አቅፎ ገባ። እንጨቱ ዝናብ ነክቶት ኖሮ አልያያዝ አለው።

"ወይዘሪት፣ የማይፈለግ ወረቀት ይኖራል?"

ቅርጫቱን በጫማዬ ጫፍ ወደ እሱ ገፋሁለት። ወረቀቱን አንድ በአንድ አፍታቶ፣ በመዳፉ አለስልሶ ጭራሮው ሥር አስገባና ክብሪት ለኮሰበት። እርሳስ የነካውን ወረቀት እሳቱ ሲበላው ቁጭ ብሎ አየ። ፊደል አያውቅም ነበር። "የወይዘሪት ወረቀት ጥሩ ይነዳል" አለኝና እጁን አሞቀ። እኔም ብርድ ብርድ ብሎኝ ነበርና ወንበሬን ወደ ምድጃው አስጠጋሁ።

ያተምኩትን ሳነብላቸው ጄኔራሉ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። የውጊያው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ሳላነብ አልፌ ሌላ ነገር አነሣሁ፤ ምሳ ስለ መድረሱ ይመስለኛል። "የፈይሳ ነገር ገብታለች?" አሉኝ።

"ገብታለች ጌታዬ።"

"እንዳልኩሽ?"

"እንዳሉኝ።"

"እግዜር ይስጥሽ። አሁን ልሙት" አሉና ማኅተማቸውን ከካፖርታቸው ኪስ አወጡ። ቦታውን ላሳያቸው እጃቸውን ይዤ ወረቀቱ ላይ መራሁት። እጃቸው ሞቃት ነበር። እንዳሉትም ብዙ አልቆዩም፤ በልግ ሳይገባ ዐረፉ። ሣጥናቸው በሰንደቅ ዓላማ ተሸፍኖ፣ ጥሩምባ ተነፍቶ፣ መድፍ ተተኩሶ ሲቀበሩ፣ የጭጋጉ ተአምር በአልቃሽ ግጥም ሲወርድ እኔም ከሰዉ ጋር አለቀስኩ። ደህና አደረግኩ፣ ስማቸውን አዳንኩላቸው እያልኩ ነበር የማለቅሰው።

መጽሐፉን ቤተሰቡ ለሙት ዓመታቸው አሳተመው። ሰማያዊ ሽፋን፣ ፎቶግራፋቸው ከነሜዳያቸው። እኔ በዚያ ጊዜ አግብቼ ሰበታ፣ ባለቤቴ ከሚሠራበት ፋብሪካ ጀርባ ቤት ይዘን የመጀመሪያ ልጄን ታቅፌያለሁ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጃፌ ላይ ሰው ቆሞ አየሁ። ገመቹ ነው። አዲስ ካኪ ኮት ለብሷል፣ ጫማ ተጫምቷል፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ ይዟል። ከሱሉልታ ሰበታ ድረስ በሁለት አውቶቡስ፣ ጠይቆ ጠይቆ ነው የመጣው።

"አካም ጅርቱ ወይዘሪት?" አለኝ፣ ማግባቴን እያየም።

"ፈያ ነኝ ኦቦ ገመቹ። ግባ፣ ግባ እንጂ።"

አልቀመጥም አለ። ጨርቁን ፈትቶ መጽሐፉን ሰጠኝ። "እመቤቲቱ፣ የጄኔራሉ ባለቤት፣ ሰጡኝ። እኔ ማንበብ አላውቅም። ለሌላ ሰው ልስጠው ብዬ ነበር፤ ኋላ ግን የጻፈችው እያለች ለምን ለሌላ አልኩ። የአባቴን ነገር አንብቢልኝ።"

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ያን ጊዜ እንኳ አልመሸም። ፊቱን አየሁት፤ ለጥምቀት የለበሰ ሰው ይመስላል። አቃተኝ። መጽሐፉን ከፍቼ የጫንጮውን ውጊያ አወጣሁና ጣቴን በመስመሩ ላይ እያስኬድኩ፣ ገጹ ላይ የሌለውን፣ በእርሳስ ጽፌው የነደደውን፣ ከቃሌ አነበብኩለት። ጭጋጉን እግዜር አልላከውም። ቀኑን የነገረኝ ፈይሳ ነው። ሣሩ በሁለት ጠፍር ተመሳቅሎ ታሰረ። ጠሩኝ፣ አልሄድኩም። አንድም ቃል አልረሳሁም። ገመቹ ቆሞ ሰማ። ስጨርስ "ድገሚልኝ" አለ። ደገምኩለት። ልጄ እቅፌ ውስጥ ስታለቅስ እንኳ አላቋረጥኩም።

"ስሙ የቱ ጋ ነው?" አለኝ። "ጣቴን አስቀምጪልኝ።"

እጁን ያዝኩት፤ ሻይ ሲያቀርብልኝ ላለመንካት የምጠነቀቀውን እጅ። ጣቱን ከገጹ መካከል ከአንድ ቃል ላይ አሳረፍኩለት። ቃሉን ልምረጥ አላልኩም፤ ዐይኔ ያረፈበት ነው። በጥፍሩ ከሥሩ ሰረዝ አደረገበት፣ ገጹን ከላይ አጠፈው፣ በጨርቁ መልሶ ጠቀለለው። "ገለቶሚ" አለኝ፣ ደግሞ ደጋግሞ እያመሰገነ፣ ወደ ኋላው እየሄደ። ምሳ እንኳ ሳይበላ ተመለሰ፤ ቤቱ ሊደርስ ቸኩሏል። ለዘመዶቹ ሊነግር መሆኑ ገብቶኝ ነበር፣ እኔ ግን "ማን ያነበዋል፣ እዚያ መንደር ማን ፊደል አለው" ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ማጽናናት ስችልበት።

ከዚያ ምኑ ይወራል። ጃንሆይ ወረዱ፣ ዘመን ተገለበጠ፣ ጄኔራል መሆን የሚያኮራ መሆኑ ቀርቶ የሚያስፈራ ሆነ። መሬት ላራሹ ሲባል ገመቹ የአባቱን መሬት መልሶ አገኘ ብለው ሲነግሩኝ ደስ አለኝ፤ የኔንም ዕዳ መንግሥት የከፈለልኝ መሰለኝ። ለእኔ የደረሰኝን የመጽሐፉን ቅጂም ከቤቴ አውጥቼ ለፋብሪካው ቤተ መጻሕፍት ሰጠሁት። ባለቤቴ ሞተ፣ ልጆቼ አደጉ፣ ቡራዩ የልጄ ቤት ገባሁ። ወደ ሱሉልታ ግን አንድ ቀን ዝር አላልኩም፣ ይህ ለቅሶ እስኪመጣ።

ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ነጠላዋን ያዘቀዘቀች፣ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ የማይርቅ ሴት አተኩራ አየችኝ። ተነሥታ መጣችና ፊቴ ጎንበስ አለች። "ወይዘሪት አይደሉም?" አለች። ወይዘሪት! ይህን ስም ከአንድ ሰው በቀር ማንም ጠርቶኝ አያውቅም። ሌንሳ ናት፤ የገመቹ ልጅ፣ ወተት ይዛ ወደ ጄኔራሉ ጓዳ ትገባ የነበረች ልጅ። ቤታችን ቅርብ ነው ብላ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ያ ሜዳ ግማሹ ፎቅ፣ ግማሹ የብሎኬት ማምረቻ ሆኗል፤ የጄኔራሉ ቤት ከነበረበት ላይ የመኪና ጎማ ይሸጣል። ሌንሳ አስቀምጣኝ ከሣጥን ውስጥ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ሳትፈታው አወቅኩት።

"አባቴ ከእርስዎ ዘንድ በመጣ በዓመቱ ለእኔ ሽማግሌ ተላከ" አለች። "ልጁም ወዶኛል፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ዘር ሲቆጠር ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጃርሳ 'የባንዳ ቤት ነው ይባላል' አለ። አባቴ ያን ቀን ነበር የሚጠብቀው። ሣቀ። ይህን አውጥቶ ከሽማግሌዎቹ መካከል ለነበሩት መምህር ሰጣቸው። 'እዚህ ጋ ነው፣ ጥፍሬ የሰረዘበት ጋ፣ ጮክ ብለህ አንብብ' አለ። አነበቡ። ጸሎትና ጭጋግ ነው። 'ዘለልከው' አላቸው። ደግመው አነበቡ። ያው ጭጋግ ነው። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ተነሥተው ሄዱ።"

"ሌንሳ..." አልኩ።

"ይስሙኝ። ሌላ ባል አገባሁ፣ ደግ ሰው ነበር፤ ለዚያ አይደለም የማዝነው። አባቴ መምህሩን ውሸታም እንዳለ ሞተ። 'እሷ ስታነብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ይሄ ሰው ጠልቶኝ ነው' ይል ነበር። መምህሩም የአባቴ ለቅሶ ላይ አልቆሙም። የመሠረተ ትምህርት ሲመጣ እኔ ፊደል የቆጠርኩት ለዚህች ገጽ ብዬ ነው። መጀመሪያ ያነበብኩት ጥፍሩ የሰረዘበትን ቃል ነው። ጭ፣ ጋ፣ ግ። አባቴ አጠገቤ ቆሟል። 'ፈይሳ ይላል?' አለኝ።"

"ምን አልሽው?"

"ይላል አልኩት" አለች ሌንሳ። "ምን ልበለው?"

ያኔ ሁሉንም ነገርኳት፤ የጄኔራሉን እንባ፣ የእርሳሱን ወረቀት፣ ቅርጫቱን በጫማዬ ጫፍ ወደ አባቷ መግፋቴን። እሳቱን ስነግራት ዐይኗን ጨፈነች። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። "እንግዲያው እውነት ነበር" አለች በመጨረሻ። "አያቴ ባንዳ አልነበረም።"

"አልነበረም።"

"ይጻፉት።"

"አሁን ብጽፈው ማን ያምነኛል? ማኅተም የለው፣ ምስክር የለው። ጄኔራሉ የሉ።"

"ማኅተሙን ይተዉት" አለች። "እርስዎ ይጻፉት እንጂ።"

ይኸው ጻፍኩት። ፈይሳ ባንዳ አልነበረም። የአባ ጭጋግ ሰው ነበር፤ የጫንጮውን ውጊያ ቀን ሣሩን በሁለት ጠፍር አመሳቅሎ አስሮ የነገራቸው እሱ ነው፤ ሲታሰር ጠርቷቸው አልሄዱለትም፤ ኋላ ተጸጽተው ለእኔ ነግረውኛል፣ ጻፊ ብለውኛል፣ ጽፌ አቃጥያለሁ። ማሳመር የምችልበት ቦታ ብዙ ነበር፤ ተውኩት። ስሙ ከዚህ አንቀጽ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ነው። ጣቷን የት ጋ እንደምታሳርፍ ሌንሳ አሁን ራሷ ታውቃለች።